የተሻሻለ ቱርቦ መለየትና መመጠን፦ ጅማ ላይ ለሚነዳ ፈጣን መኪና

ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነው። የቱርቦ ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ የሚያሰፍሩት የፈረስ ጉልበት በአብዛኛው በባሕር ወለል አካባቢ ያለውን አየር ታሳቢ አድርጎ የተሰላ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የከባቢ አየር ግፊት እዚህ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው መኪና ይህን ጉድለት በቀጥታ ስለሚቀበለው ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ቱርቦ ያለው መኪና ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል፤ የሚያካክሰው ግን የኮምፕረሰሩን (አየር የሚጨምቀውን ወገን) መዘውር አብዝቶ በማሽከርከር፣ አየሩንም አብልጦ በማሞቅ ነው። በዚህ ምክንያት ለወደብ ከተማ ልክ የሆነ ቱርቦ ጅማ ላይ ሊያንስ ይችላል፤ ቱርቦ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነጥብም ይኸው ነው።

ቱርቦና ከፍታ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አውጥቶ ፈትኖት ነበር። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አናቱ ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሲሰጥ፣ በቱርቦ 356 ሰጥቷል። እኛ የምንሠራው ሥራ የዚያ ሙከራ ትንሽ ወንድም ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ባለ 2,000 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ፣ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን፣ ቶዮታ ሴሊካ ጂቲ ፎር በዚህ ልክ ይመደባሉ። ባጃጅና ሚኒባስ በሞላው የጅማ መንገድ እንዲህ ያሉት መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ምትካቸውን ማግኘት ይበልጥ ከባድ ሆኗል። በግምት ተገጥሞ ሞተር የሚሰብር ቱርቦ ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው፤ ልኬቱና ስሌቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢወስዱ ነው።

በእጅ ያለውን ማወቅ

አዲስ ከመፈለግ በፊት መኪናው ላይ የተገጠመው ቱርቦ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። እኛ ዘንድ የሚደርሱት መኪኖች ብዙ እጅ ያለፉ ስለሆኑ፣ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቱርቦ ኮፈኑ ሥር ካለው ጋር አንድ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም። መጀመሪያ የሚታየው በኮምፕረሰሩ ቤት ላይ በትናንሽ ሪቬቶች የተያዘችው የመለያ ሰሌዳ ናት። ቶዮታ ለቱርቦዎቹ የሚሰጠው ቁጥር በ17201 ይጀምራል፤ ሲቲ 20፣ ሲቲ 26 የሚባሉት መጠሪያዎችም የእርሱ ናቸው። የሱባሩ ቁጥር በ14411 ወይም በ14412 ይጀምራል፤ ከዚህ በተጨማሪ ሠሪው አይ ኤች አይ ከሆነ ቪ ኤፍ 22፣ ቪ ኤፍ 34፣ ቪ ኤፍ 39 የመሰለ ምልክት ይኖረዋል። ሠሪው ሚትሱቢሺ ከሆነ ቁጥሩ በ49 ይጀምራል፦ 49177 አብዛኛውን ጊዜ የቲዲ 04፣ 49178 የቲዲ 05፣ 49377 የቲዲ 04 ኤል ቤተሰብ ነው። በአውሮፓ መኪኖች ላይ በ5303 የሚጀምር ቁጥር ኬ 03ን፣ በ5304 የሚጀምረው ኬ 04ን ያመለክታል።

ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ግን ስያሜውን ማንበብ መቻል ነው። ጋሬት የተባለው ቱርቦ ሠሪ የሚሰጠው ስያሜ መጠኑን ራሱ ይናገራል፦ ጂቲ 2860 አር ኤስ በሚለው ውስጥ 28 የቱርቦውን የቤተሰብ ልክ፣ 60 የኮምፕረሰሩን መዘውር ትልቁን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር፣ አር ደግሞ ዘንጉ በኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር መሆኑን ይገልጻል። ጂቲ 3076 አር ከሆነ መዘውሩ 76 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በናፍጣ መኪኖች ላይ በሚገኘው ጂቲ 1749 ቪ ውስጥ ያለው ቪ ተርባይኑ (በጭሱ የሚሽከረከረው ወገን) የሚንቀሳቀሱ መሪ ክንፎች እንዳሉት ያሳያል። የሚትሱቢሺ ስያሜ በሁለት ይከፈላል፤ ቲዲ 05 ኤች 16 ጂ ሲባል የመጀመሪያው ክፍል የተርባይኑን፣ ሁለተኛው የኮምፕረሰሩን መዘውር ይነግረናል። «16 ጂ ነው» ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሰው ግማሹን ነው የነገረን፤ ያው የኮምፕረሰር መዘውር ከተለያየ ተርባይን ጋር ሲጣመር ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል።

ሰሌዳዋ ግን ሐሰት ልትናገር ትችላለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ አንድ ወጣት ጂቲ 2860 አር ኤስ ተብሎ የተሸጠለትን ቱርቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የምንነጋገረው በጩኸት ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ብንገጥመው ይደርሳል?» አለኝ። እኔም «መጀመሪያ እንለካው፣ ልጄ» ብዬ መብራቱን አስጠጋሁ። ሰሌዳዋ ደብዝዛ ዳሯ ተጭሯል፤ የያዟት ሪቬቶች ግን ገና ከእሽግ የወጡ ይመስል ያበራሉ። በቀረጻ የወጣ ቁጥር መኖር የነበረበት የኮምፕረሰሩ ቤት ጎን በግራይንደር ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል። የኮምፕረሰሩን ቤት ፈትተን መዘውሩን በካሊፐር ስንለካው ትልቁ ዲያሜትር 60.1 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህ ልክ ነው። የመግቢያው በኩል ዲያሜትር ግን 47.2 መሆን ሲገባው 44.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ የካሊፐሩን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አነበበ። የሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ልዩነት በዓይን አይታይም፤ በመግቢያው ስፋት ላይ ሲሰላ ግን 11 በመቶ ያህል ጉድለት ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ዲያሜትሮች ዝምድና ትሪም ይባላል። የመግቢያውን ዲያሜትር በራሱ ማባዛት፣ የትልቁን ዲያሜትርም በራሱ ማባዛት፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈልና ውጤቱን በ100 ማባዛት ነው። 47.2 እና 60.1 ሲሰሉ 62 ይሰጣሉ፤ የእውነተኛው ጂቲ 2860 አር ኤስ ትሪምም 62 ነው። የወጣቱ ቱርቦ 55 ሰጠ። ትልቁ ዲያሜትር እኩል ሆኖ ትሪሙ ሲጨምር መዘውሩ የሚያሳልፈው አየር ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዲያሜትሮች ሳይለኩ ትልቁን ብቻ አይቶ መግዛት የጫማን ቁመት ለክቶ ወርዱን እንደ መተው ነው።

ሲለኩ ካሊፐሩ መዘውሩን እንዲነካ እንጂ እንዲጨቁን አያድርጉ፤ ክንፎቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩና ጫፋቸው ስስ በመሆኑ ትንሽ ጭረትም በብዙ አሥር ሺህ ዙር ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባል። የሙሉ ክንፎቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ጫፍ ለጫፍ ስለማይተያዩ፣ ከመካከለኛው ነጥብ እስከ አንዱ ጫፍ ለክቶ በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል። በዚያው አጋጣሚ የተርባይኑን መዘውር ሁለት ዲያሜትሮች፣ የጭስ መግቢያውን ፍላንጅ የብሎን ቀዳዳዎች ብዛትና ርቀት፣ የዘይትና የውኃ መግቢያዎቹን ክር፣ በተርባይኑ ቤት ላይ በቀረጻ የተጻፈውን የኤ/አር ቁጥር (ትርጉሙ ወደ ኋላ ይመጣል) አንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ድረስ ለሚላክ ሰው ከፎቶግራፍ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ያገለገለ ቱርቦ ከሆነ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ በዚህ አቅጣጫ በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ይተዉት። ወደ ጎን ሲገፋ ግን በነሐስ ቡሽ ላይ የሚሠራ ቱርቦ ጥቂት ላላ ቢል ጤነኛ ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ በመሆኑ ያ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወለት ነው። መዘውሩ ቤቱን ከነካ ወይም ከዚህ ቀደም የነካበት የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ አይግዙት። የክንፎቹ የፊት ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሸራረፈ ያ ቱርቦ ያለ ፊልትሮ ተነድቷል ማለት ነው።

ሞተሩ የሚጠይቀው አየር

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ስሌቱ የሚነሣው ከሚፈለገው ጉልበት ነው፤ ጉልበት የሚመጣው ከነዳጅ፣ ነዳጅ የሚቃጠለውም በአየር ልክ ስለሆነ። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 250 ግራም ገደማ ቤንዚን ያቃጥላል፤ በዚህ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ ያህል አየር ይሰጠዋል። ግባችን 240 የፈረስ ጉልበት ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ግራም ቤንዚንና 720 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል፤ ይህም በደቂቃ 12 ኪሎ ግራም አየር ነው።

ቀጥሎ ይህ አየር በምን ያህል ግፊት መግባት እንዳለበት እናስላ። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይዘቱን ያህል አየር ይስባል። 2,000 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 6,500 ዙር ሲሽከረከር 6.5 ሜትር ኩብ ይስባል ማለት ነው፤ ሲሊንደሮቹ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ 90 በመቶውን ወስደን 5.85 ሜትር ኩብ እንበል። 12 ኪሎ ግራም በ5.85 ሜትር ኩብ ውስጥ እንዲያልፍ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 2.05 ኪሎ ግራም አየር መያዝ አለበት። የአየሩን ግፊት በኪሎ ፓስካል ለማግኘት ይህን ቁጥር በ0.287፣ ከዚያም በሙቀቱ ላይ 273 ተጨምሮ በሚገኘው ቁጥር ማባዛት ነው። ከኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ራዲያተር) በኋላ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ አየር ብንወስድ፣ 2.05 በ0.287 በ323 ሲባዛ 190 ኪሎ ፓስካል ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 190 ከባዶ ጀምሮ የሚቆጠር ጠቅላላ ግፊት ነው፤ ጋቢና ውስጥ ያለው የቱርቦ ጌጅ ግን የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጅማ ላይ ከ190 ላይ 82 ሲቀነስ 108 ይቀራል፤ አንድ ባር 100 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ጌጁ 1.1 ባር ገደማ ያነባል። በባሕር ወለል ያው ጉልበት በ0.9 ባር ይገኛል። ስለዚህ «በ0.9 ባር 240 ሰጠኝ» ያለ የባሕር ዳርቻ ሰው አልዋሸም፤ እኛ ግን ያንኑ ቁጥር ጌጁ ላይ እያየን ያንን ጉልበት አናገኝም።

ኮምፕረሰሩ የሚያወጣው ግፊት ለሚስበው ሲካፈል የሚገኘው የግፊት ምጥጥንም እንዲሁ ነው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር ኢንተርኩለሩንና ቧንቧውን ሲያልፍ 10 ኪሎ ፓስካል ያህል ያጣል እንበል፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ 200 ማውጣት አለበት። በመግቢያው በኩል የአየር ፊልትሮው 2 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ የሚስበው 80 ነው። 200 ለ80 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። በባሕር ወለል 200 ለ99 ሲካፈል 2 ብቻ ነው። ፊልትሮው ሲቆሽሽ ይህ ቁጥር ወዲያው ይባባሳል፤ በቡና ለቀማ ወራት በአጋሮና በሊሙ ገጠር የአቧራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው 5 ኪሎ ፓስካል ቢይዝ ምጥጥኑ ከ2.5 ወደ 2.6 ይወጣል። ፊልትሮ መጥረግ የቱርቦ ምርጫ አካል ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ነጥቡን በካርታው ላይ ማሳረፍ

ታማኝ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ቱርቦ የኮምፕረሰር ካርታ ያወጣሉ። በቁም መስመሩ የግፊት ምጥጥን፣ በአግድም መስመሩ የአየር ፍሰት፣ አብዛኛውን ጊዜ በፓውንድ በደቂቃ፣ ይገኛል። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ግራም ነው። ነገር ግን 12 ኪሎ ግራማችንን ወደ ፓውንድ ለውጠን በቀጥታ ካርታው ላይ ማሳረፍ አይቻልም፤ ካርታው የተሠራው በተወሰነ የመግቢያ ግፊትና ሙቀት ስለሆነ ቁጥሩ ወደዚያ መነሻ መስተካከል አለበት። በጋሬት ካርታዎች ላይ የተለመደው መነሻ 96.2 ኪሎ ፓስካልና 303 ኬልቪን፣ ማለትም 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ከሌላ ሠሪ ከሆነ ካርታው ላይ የተጻፈውን ይጠቀሙ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። የመግቢያውን ሙቀት በኬልቪን (በሴንቲ ግሬዱ ላይ 273 ተጨምሮ) ለ303 አካፍሎ የውጤቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ፣ ፍሰቱን በዚህ ማባዛት፣ ከዚያም የመግቢያው ግፊት ለ96.2 ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ማካፈል። የጅማን 25 ዲግሪ ከሰዓት በኋላና 80 ኪሎ ፓስካል ብንወስድ 12 ኪሎ ግራሙ 14.3 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 31.5 ፓውንድ በደቂቃ ይሆናል። በባሕር ወለል ያው ስሌት 25.5 ፓውንድ ይሰጣል።

ስለዚህ አንድ መኪና፣ አንድ ጉልበት፣ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አሉን፦ በባሕር ወለል 25.5 ፓውንድ በ2 ምጥጥን፣ ጅማ ላይ 31.5 ፓውንድ በ2.5 ምጥጥን። ነጥቡ ወደ ቀኝም ወደ ላይም ሸሽቷል። በካርታው ላይ የማዞሪያ ፍጥነቱን የሚያሳዩት መስመሮች ወደዚያው አቅጣጫ እየጨመሩ ስለሚሄዱ፣ መዘውሩ በባሕር ወለል ከሚሽከረከረው አብልጦ ይሽከረከራል። በካርታው ላይ የመጨረሻውን የፍጥነት መስመር ማለፍ ኩሽኔታውን፣ ከዚያም መዘውሩን ያጠፋል።

በካርታው መካከል እንደ ኮረብታ ከፍታ መስመር የተሳሉት ክቦች የብቃት ክቦች ናቸው። ነጥባችን በ72 በመቶ ክብ ውስጥ ቢያርፍ፣ በ25 ዲግሪ የገባው አየር በ2.5 ምጥጥን ወደ 149 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል፤ በ60 በመቶ ክብ ላይ ቢያርፍ 174 ዲግሪ ይደርሳል። በባሕር ወለል፣ በ72 በመቶ ብቃት፣ 117 ዲግሪ ብቻ ነበር። ይህ ሙቀት ኢንተርኩለሩ ላይ ይወድቃል፤ ኢንተርኩለሩ የማይችለው ከሆነ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ኖኪንግ (የነዳጁን ያለ ጊዜው መፈንዳት) ያመጣል፤ ኖኪንግም የፒስተኑን የቀለበት መቀመጫ ይሰብራል። የእኔ ልማድ የከፍተኛ ጉልበት ነጥቡ ከ68 በመቶ ክብ ውጭ ካረፈ ቱርቦውን መተው ነው።

አንድ ነጥብ ብቻ አይበቃም። በካርታው ግራ ጠርዝ ያለው ሰርጅ የሚባለው መስመር ነው፤ ከእርሱ በስተግራ የገባው አየር ክንፎቹ ላይ መያዣ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መኪናውም የሚንተፋተፍ ድምፅ ያሰማል፣ የዘንጉም ኩሽኔታ ይቀጠቀጣል። ይህን ለመፈተሽ ሙሉ ግፊት ቀድሞ በሚደርስበት ዙር እንደገና ማስላት ነው። ቱርቦው 1.1 ባር የሚሞላው በ3,500 ዙር ቢሆን ፍሰቱ ወደ 6.5 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ሲስተካከል 17 ፓውንድ በ2.5 ምጥጥን ነው። ይህ ነጥብ ከሰርጅ መስመር በስተቀኝ በቂ ርቀት ላይ ማረፍ አለበት። ለትልቅነቱ ብቻ ተብሎ የተመረጠ ቱርቦ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነው፤ ከፍታው ደግሞ ምጥጥኑን ስለሚያሳድግና የሰርጅ መስመር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ እዚህ አገር ፈተናው ይበልጥ ይጠብቃል። «ከፍታ ካለ ትልቁን ግጠም» የሚለው ምክር በዚህ በኩል ያንከራትታል።

መኪናው ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነ ስሌቱን ለከፍተኛው ቦታ መሥራት ግድ ነው። የጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ (ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ) ይወርድና ወደ ወልቂጤ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩም ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይሆናል። እዚያ 240 የፈረስ ጉልበት 34 ፓውንድ በ2.7 ምጥጥን ይጠይቃል። በዚህ ላይ የግፊቱ መቆጣጠሪያ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በስፕሪንግ ብቻ የሚሠራ ዌስትጌት (ትርፉን ጭስ ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፈው በር) የሚያየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ ከፍታው ሲጨምር ጠቅላላው ግፊት በራሱ ይቀንሳል፤ ጉልበት ይጎድላል፣ ቱርቦው ግን ብዙም አይጨነቅም። ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ግፊትን እያነበበ የሚቆጣጠረው መኪና ከሆነ ግን ያንኑ 190 ለመሙላት ቱርቦውን ይነዳዋል። ልኩ ጅማ ላይ ጠርዝ ላይ የነበረ ቱርቦ እንጦጦን ሲወጣ ከካርታው ውጭ ሊወጣ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ኢምፕሬዛዬን ስሠራ 280 የፈረስ ጉልበት ተመኝቼ ነበር። ስሌቱን ያኔ ባለመሥራቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ብሠራው ኖሮ ጅማ ላይ 37 ፓውንድ ገደማ በ2.9፣ አዲስ አበባ ላይ 40 ፓውንድ ገደማ በ3.1 እንደሚጠይቅ አየው ነበር። የገጠምኩት ቱርቦ ይህን አይችልም ነበርና የግቤን ዳገት በሙሉ ቤንዚን ስወጣ ከወልቂጤ በፊት መጮህ ጀመረ፤ ስፈታው የኮምፕረሰሩ መዘውር ቤቱን ፍቆታል። 240 በከተማም በዳገትም የሚደሰቱበት፣ ሞተሩም የሚሸከመው ልክ ነው ብዬ የምመክረው ከዚያ በኋላ ነው።

የተርባይኑ ወገንና የቀረው ሥራ

በተርባይኑ ቤት ላይ ያለው ኤ/አር የጭስ መተላለፊያው ስፋት ከመሐል ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጭሱ በፍጥነት ስለሚመታ ቱርቦው ቶሎ ይነሣል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ጭሱን አፍኖ ሞተሩን ያሞቃል። ጂቲ 2860 አር ኤስ በ0.64ና በ0.86 ቤት ይገኛል። ጅማ ላይ ቱርቦው ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ በመሆኑ የሚወጣው ጭስም ያንሳል፤ የቱርቦው መነሣትም ይዘገያል። ከተነሣ በኋላ ግን ማርሚታው የሚተነፍስበት የውጭ አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ተርባይኑ ይጠቀማል። ሁለቱን ሳመዛዝን፣ ለ2,000 ሲሲና ለ240 የፈረስ ጉልበት ትንሹን ቤት ከሰፊ ማርሚታ ጋር እመርጣለሁ።

ነዳጁ ከአየሩ ጋር መመጣጠን አለበት። 60 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሰዓት ለአራት ኢንጀክተሮች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 15 ኪሎ፣ ማለትም 340 ሲሲ ገደማ በደቂቃ ይደርሰዋል፤ ኢንጀክተሩ ከ85 በመቶ በላይ ተከፍቶ እንዳይሠራ ከተፈለገ 400 ሲሲ ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሳይስተካከል መንዳት የሚታሰብ አይደለም፤ ማስተካከያውም መኪናው በሚነዳበት ከፍታ ላይ መሠራት ይኖርበታል።

ናፍጣ መኪና ላላቸው አንድ ቃል ልጨምር፤ ጅማ ውስጥ ቱርቦ ያለው መኪና ሲባል አብዛኛው ላንድ ክሩዘር፣ ሃይሉክስና አይሱዙ ነውና። ናፍጣ ጭስ እንዳይበዛበት ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 18 ኪሎና ከዚያ በላይ አየር ስለሚፈልግ፣ በቤንዚን የሠራነውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ቱርቦ ሳይኖረው በተሠራው ባለ 4,200 ሲሲ 1ኤችዜድ ሞተር ላይ ቱርቦ የሚጨምሩ ሰዎች ደግሞ የሞተሩ የመጭመቂያ ምጥጥን ከ22 በላይ መሆኑን አስበው ግፊቱን በጣም ዝቅ ማድረግ አለባቸው።

ሲገጠም ዘይቱ ላይ አይቸኩሉ። የኳስ ኩሽኔታ ያለው ቱርቦ በመግቢያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው የዘይት መቀነሻ ይፈልጋል፤ የነሐስ ቡሽ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አይፈልግም። የዘይት መመለሻው ቱቦ ሰፊ ሆኖ ሳይጎብጥ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ዘይቱ ከቱርቦው የሚወርደው በራሱ ክብደት እንጂ በፖምፓ አይደለም። ቱርቦው ዘይት ይተፋል ተብለው የሚመጡልኝ መኪኖች ውስጥ ስንቶቹ ቱርቧቸው ጤነኛ፣ መመለሻ ቱቧቸው ግን የተጣመመ ነበር። ሲሊኮን በመመለሻው ጓርኒሲዮን ላይ አይቀቡ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ይዘጋል።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በቱርቦው የዘይት መግቢያ ንጹሕ ዘይት አፍስሰው መዘውሩን በእጅ ያሽከርክሩት። ከዚያ ካንዴላዎቹ ተፈትተውና የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩን በማስነሻው ብቻ ያዙሩት፤ የዘይት ግፊት መብራቱ ሲጠፋ ሁሉንም መልሰው ይግጠሙ። ሲነሣ አሥር ደቂቃ ያህል ቤንዚን ሳይሰጡት ይቁም፤ በዚህ ጊዜ የዘይትና የውኃ መገጣጠሚያዎቹን በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች በግማሽ ግፊት ይንዱት፤ ከዚያም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ማለዳ የጭስ ፍላንጁን ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፣ በጌጁ ላይ ያነበቡትን ግፊትና ዙሩን በዚያችው የልኬት ወረቀት ጀርባ ላይ ይመዝግቡ።